የጸሎት ሰዓት ወፎች

የማላማ ቤት እንደ መንደሩ ቤት ሁሉ ግድግዳ የለውም። ዙሪያውን ምሰሶ ቆሟል፣ ከላይ ጣሪያ አለ፣ ወለሉ ላይ ሰሌን ተነጥፏል፤ የቀረው ነፋስ ነው። ሰው ቤቱ ተቀምጦ በፊት ለፊት መንገዱንና ባሕሩን ያያል፣ በጓሮ በኩል አትክልቱን ያያል። ለማላማ መከራ የሆነባት ይኸው ማየቷ ነው። ግድግዳ ቢኖር ቢያንስ ሳታይ ይበሉባት ነበር።

ፀሐይ ወደ ባሕሩ ስታዘነብል የመንደሩ ዛጎል እንደ መለከት ይነፋል። መጀመሪያ ሲነፋ ሰው ሁሉ ሥራውን ጥሎ ወደ ቤቱ ይገባል። ሁለተኛ ሲነፋ ሁሉም ከሰሌኑ ላይ ይቀመጣል፣ መዝሙሩም ከቤት ቤት እየተቀባበለ ይነሣል። ከዚያ ወዲያ የሚራመድ የለም። መኪና እንኳ ዳር ይዞ ይቆማል። ነጭ ሸሚዝና ሽርጥ የለበሱ የመንደሩ ወንዶች መንገድ ዳር ቆመው ይጠብቃሉ፤ ሲሮጥ የታየ፣ ሲጮህ የተሰማ ቤተሰቡ ይቀጣል። ሦስተኛው ዛጎል ተነፍቶ ሰው እስኪለቀቅ ድረስ ምድሪቱ የእግዚአብሔር ብቻ ናት።

ወፎቹም የሚመጡት ያን ጊዜ ነው።

ከጓሮው በስተጀርባ ካለው ረግረግ ነው የሚወጡት። ማኑአሊኢ ይባላሉ፤ የአለቃ ወፍ ማለት ነው። ቁመታቸው የዶሮ ያህል ነው፤ ደረታቸው ሰማያዊ፣ ምንቃራቸውና ግንባራቸው ቀይ፣ እግራቸው ረጅም። አይሮጡም፣ አይበሩም። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ርስቱን እንደሚጎበኝ ባላባት ቀስ ብለው ይገባሉ፣ በየእርምጃው ጭራቸውን ብድግ እያደረጉ ከሥሩ ያለውን ነጭ ላባ ያሳያሉ። ለማላማ ያ ጭራ ስድብ ነው። ከዚያ አንዱ አንድ ችግኝ ይመርጥና ከሥሩ ይነቅለዋል፣ በአንድ እግሩ እንደ ሰው እጅ ጨብጦ ወደ አፉ ያነሣዋል፣ ነጯን ለስላሳ ጫፍ ብቻ ይነክስና የቀረውን ይጥለዋል። ከዚያ ሌላ ይነቅላል።

ጠግበው ቢበሉት እንኳ ይሁን ትል ነበር። አንጀቷን የሚያሳርራት ቀምሰው መጣላቸው ነው።

ባሏ ፔኒ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፤ ጸሎቱ አይቸኩልም። ለአገር መሪዎች ይጸልያል። ባሕር ላይ ላሉ ዓሣ አጥማጆች ይጸልያል። ባሕር ማዶ፣ ኦክላንድ ላሉት ልጆቹ በየስማቸው ይጸልያል። ማላማ አሜን ልትል አፏን ስትከፍት አንድ ነገር ያስታውስና ለመምህራን ይጸልያል። እሷ ራሷን ደፍታ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና፣ በሌላው የጥቅል ጎመኗ ችግኝ አንድ በአንድ ሲነቀል ትቆጥራለች።

አንድ ምሽት ሦስተኛው ዛጎል እንደተነፋ፣ «ፔኒ፣ እግዚአብሔር መምህራኑን ያውቃቸዋል። አታሳጥረውም?» አለችው።

«ለወፍ ብዬ ጸሎት ላሳጥር?»

«ለጎመን ብለህ።»

«ልብሽ ከጓሮ ነው ያለው፤ እዚህ የሚቀመጠው ሰውነትሽ ብቻ ነው።»

እሷ ፋኖሱን ይዛ ወጥታ የተነቀሉትን ለቀመች፤ ሥር የቀረላቸውን መልሳ ተከለች። በማግስቱ ምሽት እነዚያኑ ነቀሏቸው።

ማላማ የዚህ መንደር ልጅ አይደለችም። የተወለደችው በሌላው ደሴት፣ በሳቫይ፣ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አገሩን በሸፈነበት ቦታ ነው። አባቷ በድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ አፈር በቅርጫት እያመጣ ጎደሬ ይተክል ነበር። ልጅቷ ውሃ በኮኮናት ቅርፊት እየቀዳች ለእያንዳንዱ ሥር ስታጠጣ አደገች፤ አንድ ቅጠል ምን ያህል ላብ እንደሆነ ከዚያ ታውቃለች። ፔኒን አግብታ በጀልባ ስትሻገር የዚህን መንደር ጥቁር አፈር አይታ ጎንበስ ብላ አንድ ጭብጥ አነሣች፤ አማቶቿ ሰላም ሳይሏት በፊት አሸተተችው። ይህን እስከ ዛሬ ይስቁባታል። ከዚያ ለብዙ ዘመን የሰው ቤት ምራት ሆና ኖረች፤ ለአማቷ አበሰለች፣ የባሏን እህቶች ልብስ አጠበች፣ ልጆች አሳደገች፣ ልጆቹም ተራ በተራ ባሕር ማዶ ሄዱ። በዚህ ሁሉ ውስጥ የእኔ የምትለው የጓሮዋን አፈር ነበር። በዚያ አፈር ማንም አዝዟት አያውቅም።

እስከ ኮሚቴው ድረስ ማለት ነው።

በመንደሩ የስኳር በሽታ በዛ። የፔኒም እግር ቆስሎ አልድን ብሎ ሁለት ጣቱን አጥቷል። ነርሷ የቆርቆሮ ሥጋ ተዉ፣ አረንጓዴ ብሉ አለች። የመንደሩ የሴቶች ኮሚቴ ነገሩን ሲሰማ ሕግ አወጣ፤ ማንኛውም ቤት ጎመን፣ ፎሶሊያ፣ ኪያርና ደበርጃን በጓሮው አቁሞ ያሳይ ተባለ። ኮሚቴው በየጊዜው ይዞራል። ጓሮው ባዶ የሆነ ቤት የግቢው በር ላይ ቀይ ጨርቅ ይታሰርበታል፤ መንገደኛ ሁሉ ያየዋል። ሦስት ጊዜ ቀይ የታሰረበት ቤት ግን አትክልቱ ከሴትዮዋ እጅ ይወጣል። የኮሚቴው ሴቶች መኮትኮቻቸውን ይዘው ይመጡና ራሳቸው ቆፍረው ይተክላሉ፣ አትክልቱ እስኪያፈራ በየሳምንቱ እየመጡ ያርማሉ፣ ባለቤቷ ደግሞ እያበሰለች ታበላቸዋለች። ስሙ እርዳታ ነው። ማላማ እርዳታው ሲደርስባት ያየቻት አንዲት ሴት አለች፤ ከዚያ ወዲህ ሴትዮዋ በጓሮዋ በኩል አትወጣም።

ማላማ ሁለት ቀይ ጨርቅ ታስሮባታል። ሁለቱንም ያሰረችው የፔኒ ታላቅ እህት ታሊሉ ናት።

ታሊሉ የኮሚቴው ሊቀ መንበር ናት፤ ባሏ የሞተ፣ ሰፊ ትከሻ ያላት፣ ማራገቢያዋ ከእጇ የማይለይ። በዚያ አገር የእህት ቃል ለወንድሟ መሐላ ነው፤ የወንድም ሚስት ደግሞ አንገቷን ደፍታ ትሰማለች። ሁለተኛውን ጨርቅ ስታስር ማላማ ስለ ወፎቹ ልትነግራት ሞከረች።

«ወፍ፣ ወፍ፣ ሁልጊዜ ወፍ» አለች ታሊሉ ጨርቁን እያጠበቀች። «እኔ ቤት ወፍ የለም?»

«የእርስዎ ቤት ባሕር ዳር ነው፣ እትዬ። የእኔ ረግረጉ ሥር ነው።»

«ሰነፍ ሴት ምክንያት አታጣም።»

ከማዶ ያለችው ጎረቤት ኤሴታም የኮሚቴ አባል ናት፤ ቋጠሮውን ጠጋ ብላ አየችና፣ «ቀይ ያምርብሻል፣ ጎረቤቴ። ከሩቅ ሳይሽ አበባ የተከልሽ መስሎኝ ነበር» አለች።

ማላማ ሳቀች። እንዲህ ሲሏት ሁልጊዜ ትስቃለች፤ ሲሄዱ ነው ፊቷ የሚለወጠው።

ያላደረገችው ነገር አልነበረም። አሮጌ የዓሣ መረብ ዘረጋች፤ ወፎቹ ከሥሩ ሾልከው ገቡ፣ የተጠላለፈችው የኤሴታ ዶሮ ናት፤ ለዶሮዋም ይቅርታ መጠየቅ ነበረባት። የተበጠሰ የካሴት ክር ከምሰሶ ምሰሶ ወጠረች፤ በነፋስ እየተንሿሿ ፔኒን እንቅልፍ ነሣው እንጂ ወፎቹ ከምንም አልቆጠሩትም። ሴት ልጇ ፈቱ ከኦክላንድ የፕላስቲክ ጉጉት ላከች። ዓይኗ ትልልቅ፣ ዋጋዋም የሚያሳፍር ነበር። በሁለተኛው ቀን አንዱ ወፍ ከጉጉቷ ራስ ላይ ቆሞ ላባውን ሲያበጥር ታየ።

ፈቱ በስልክ፣ «እማዬ፣ ቦታዋን አዟዙሪያት፤ እንደዚያ ነው የሚባለው» አለቻት።

«ሦስቴ አዟዟርኳት። አሁን አብረዋት ይዞራሉ።»

ከዚያ ማስፈራሪያ ሠራች። ሁለት እንጨት አጣምራ የፔኒን አሮጌ ነጭ የቤተ ክርስቲያን ሸሚዝና ሽርጥ አለበሰችው፣ ራሱን በኮኮናት ሠራች። ከመንገድ ሲያዩት ቁርጥ ፔኒ ነበር። በማግስቱ አንድ ሽማግሌ ቆመው በአክብሮት ቃል የጤናውን ሁኔታ ጠየቁት፤ መልስ ሲያጡ ተቀይመው ሄዱ። ወሬው ለፔኒ የደረሰው በሽማግሌዎች ስብሰባ ላይ ነው።

«ጎመን ውስጥ ቆሜ ሰው ሰላም አልልም አሉ» አላት ሲመለስ።

«ወፎቹንስ አባረርክ?»

«አንቺ ሴት፣ አውልቂልኝ ሸሚዜን።»

ውሻቸው ሊረዳት ይችል ነበር። ቀን ቀን ጥላውን እንኳ ይጮህበታል። ግን ቡችላ ሳለ በጸሎት ሰዓት እንዳይጮህ እየገረፈ ያስተማረው ፔኒ ነው። ሁለተኛው ዛጎል ሲነፋ ውሻው አፍንጫውን ከመዳፉ ላይ አኑሮ ይተኛል። ወፎቹ ባጠገቡ ያልፋሉ፤ እሱ ዓይኑን ያንከራትታል። ማላማ ስታየው ታዝንለታለች፤ ከቤቱ ውስጥ የልቧን የሚያውቅ እሱ ብቻ ይመስላታል።

ሁለተኛው ጨርቅ በታሰረ ሰሞን አንድ ምሽት ትዕግሥቷ አለቀ። ፔኒ ለዓሣ አጥማጆቹ እየጸለየ ነበር። አንዱ ወፍ ከሌሎቹ ሁሉ ተርፋ የወጣችውን፣ ቅጠሏን መጠቅለል የጀመረችውን አንዲት ጎመን ሲነቅል አየችው። ከዚያ ራሷን አላወቀችም። ነጠላ ጫማዋን አንሥታ፣ ሽርጧን ሰብስባ፣ «ውጡልኝ፣ እናንተ ሌቦች» እያለች በጓሮው መሐል ስትሮጥ መንገድ ዳር የቆሙት ወንዶች ሁሉ አዩአት። ጫማው ወፉን ስቶ ረግረጉ ውስጥ ገባ።

ፔኒ ለመንደሩ ሽማግሌዎች የቅጣቱን አንድ ካርቶን የቆርቆሮ ዓሣ ተሸክሞ ሄደ። ራሱ በሌሎች ላይ ሲፈርድ የኖረ ሰው፣ በዚያ በሚያነክስ እግሩ፣ በቀን ብርሃን። ማላማ ከምሰሶው ሥር ሆና አየችው። እግሩን እያየች ልቧ ተነካ፤ ሲመለስ ካካዎ አፍልታ ጠበቀችው። እሱም ጠጣ። ምሽት ላይ ግን በጸሎቱ አንድ ነገር ጨመረ፤ «በዚህ ቤት ራሱን መግዛት ላቃተው ሁሉ» አለ፣ እዚያም ላይ ቆየ።

ጸሎቱ እንዳበቃ ማላማ ዞረችበት።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሰውነትሽ ብቻ ነው እዚህ ያለው ብለኸኛል።»

«ብያለሁ።»

«እንግዲያው እሱንም ልውሰደው። ሰሌኑን ጎመኑ አጠገብ እናንጥፍ። የመንደሩ ሕግ በግቢህ ተቀመጥ፣ ጸልይ ነው የሚለው። ጣሪያ ሥር ይላል?»

ፔኒ አሰበ። ጣሪያ ሥር የሚል ነገር ሊያስታውስ አልቻለም። «ሰሌኑ ጤዛ ይመታዋል» አለ በመጨረሻ።

«አንተ ጸልይ፤ ሰሌኑን እኔ አሰጣዋለሁ።»

ፓስተሩን ጠየቀ። ፓስተሩ ስቆ እግዚአብሔር ጎመንም ውስጥ ይሰማል አለው። ከዚያ በኋላ ዛጎሉ ሲነፋ ሽማግሌና ባልቴት ሰሌናቸውን ጠቅልለው፣ የመዝሙር መጽሐፋቸውን በብብታቸው ይዘው ወደ ጓሮ ሲሄዱ መንደሩ ማየት ለመደ። ወፎቹ የመጀመሪያ ቀን ከአጥሩ ጋ መጥተው ቆሙ። ዘግይቶ እንደ ደረሰ ምእመን አንገታቸውን እያሰገጉ ተመለከቱ። ፔኒ ለመምህራን ሲጸልይ ማላማ ሁለቱንም ዓይኖቿን ከፍታ አፈጠጠችባቸው። ተመልሰው ሄዱ። በየቀኑ መጡ፣ በየቀኑ ቆሙ፣ በየቀኑ ተመለሱ።

አትክልቱ ነፍስ ዘራ። ጥቅል ጎመኑ ቅጠሉን ሰብስቦ ቋጠሮ ያዘ። ፎሶሊያው እንጨቱ ላይ ተጠምጥሞ ወጣ፣ ደበርጃኑ አበበ። ማላማ ጠዋት ጠዋት ጤዛው ሳይረግፍ በመካከላቸው ትመላለስና የጎመኖቹን ራስ እንደ ሕፃን ራስ በመዳፏ ትዳብሳለች። ኮሚቴው በዚህ ሳምንት ይመጣል ሲባል ለመጀመሪያ ጊዜ «ይምጡ» አለች።

ኮሚቴው የሚመጣበት ቀን ደረሰ። ከሰዓት በኋላ ይደርሳሉ ተባለ። ግን ኮሚቴ የገባበት ቤት ሁሉ ሳያበላ አይሸኝም፤ እንግዳም ሳይበላ አይወጣም። አንዱ ቤት ዓሣ፣ አንዱ ቤት በኮኮናት ወተት የተሠራ የጎደሬ ቅጠል፣ አንዱ ቤት የዳቦ ፍሬ እያቀረበ ሴቶቹ ሊንቀሳቀሱ አቃታቸው። የማላማ ቤት በመንገዱ መጨረሻ ነው። ቀኑን ሙሉ ቆማ ጠበቀች። ፀሐይዋ ባሕሩን ልትነካ ስትል ታሊሉ በማራገቢያዋ እየተናፈሰች፣ ኤሴታና ሌሎቹ ሴቶች ከኋላዋ እየተጎተቱ በግቢው በር ብቅ አሉ። በዚያው ቅጽበት የመጀመሪያው ዛጎል ተነፋ።

«እትዬ፣ መጀመሪያ ጎመኑን ይዩልኝ» አለች ማላማ ሰላምታውን ሳትጨርስ። «እዚህ ጋ ነው፣ ሁለት እርምጃ ነው።»

«ዛጎሉን አልሰማሽም? ከጸሎት በኋላ።»

«እንግዲያው እዚያው ጓሮ እንቀመጥ። እኛ የምንጸልየው እዚያ ነው፣ ሰሌኑም ተነጥፏል።»

ይህን ጊዜ ፔኒ ወጣ። ከጠዋት ጀምሮ እንግዳ መቀበያውን ሲጠርግ ነበር የዋለው፤ የእናቱን ምርጥ ሰሌን ከሣጥን አውጥቶ ዘርግቷል። «እህቴን» አለ በዝግታ፣ «እህቴን መሬት ላይ፣ ከጎመን ጎን ላስቀምጥ?»

«ፔኒ፣ እባክህ። ዛሬን ብቻ።»

«ዛሬ ነው የማይሆነው።»

ታሊሉ ወደ ቤት ገብታ የክብር ቦታዋን ያዘች። ፔኒ እህቱን ባከበረበት በዚያ ቦታ ፊቷ ወደ ጓሮው ሆነ። ስትቀመጥ በምሰሶዎቹ መካከል አሻግራ አየች፤ በምሽቱ ብርሃን ጎመኑ በመስመር በመስመር ቆሟል፣ ፎሶሊያው ተንጠልጥሏል። ቅንድቧን ትንሽ አነሣች። ሁለተኛው ዛጎል ተነፋ፣ ማላማም ከምሰሶው ሥር ተቀመጠች፣ እግሯ ከሥሯ ታጥፎ እንደ ታሰረ ሰው።

መዝሙሩ ሳያልቅ ወፎቹ መጡ። ከአጥሩ ጋ ቆሙ። ሰሌኑ ባዶ መሆኑን አዩ። የመጀመሪያው ጭራውን ብድግ አድርጎ ገባ።

ፔኒ ጉሮሮውን ጠራርጎ ጸሎቱን ለእህቱ ሰጠ፤ እንግዳ ናትና። ታሊሉ በማራገቢያዋ ወደ ማላማ አመለከተች። «የቤቱ እመቤት ትጸልይ» አለች። ክብር ይሁን ፈተና ማንም አላወቀም።

ማላማ ራሷን ደፋች። ከጓሮው የሚሰበር ግንድ ድምፅ መጣ።

«ጌታ ሆይ» አለች፣ «ስለዚህ ቀን እናመሰግንሃለን። ስለ እንግዶቻችን እናመሰግንሃለን፤ ዘግይተውም ቢሆን በሰላም ስላደረስካቸው።»

ከሴቶቹ አንዷ ሳል አፈናት።

«ጌታ ሆይ፣ አንተ ሁሉን ታያለህ። አሁንም ታያለህ። አንዱ ጥቅል ጎመኑ ላይ ነው። ሁለቱ ፎሶሊያው ሥር ናቸው። ያ ትልቁ፣ እሱን ታውቀዋለህ፣ ደበርጃኑን እየነቀለ ነው፤ ደበርጃን እንኳ አይወድም። እነሱንም የፈጠርካቸው አንተ ነህ፣ በዚህ አልከራከርህም። ግን ሰዓት ማወቅን ለምን ጨመርክላቸው? ሰው ሁሉ እጁን አጣጥፎ በሚቀመጥበት ሰዓት፣ በዚያች ሰዓት ብቻ።»

ፔኒ ጉሮሮውን ጠረገ። ግን የሚጸልይ ሰው አይቋረጥም፤ ይህን ያስተማራት ራሱ ነው።

«ለሰው ስናገር ምክንያት ነው ይሉኛል። ላንተ ግን ምክንያት አይነገርም፤ ስለዚህ ዝም ብዬ እውነቱን ልንገርህ። ጠዋት ሳይነጋ እነሣለሁ። አረም የለብኝም። ውሃ አጠጣለሁ። ከሰነፍ ሴት ጓሮ ወፍ ምን ይፈልጋል? ባዶ መሬት ላይ ማን ይሰበሰባል? እኔ የምለምንህ ትንሽ ነገር ነው። ከዚህ አፈር የሌላ ሰው መኮትኮቻ አርቅልኝ። ቀናውም ጠማማውም መስመር የእኔ ይሁን። ደግሞ የፔኒን እግር ጠብቅልኝ፣ መምህራኑንም። አሜን።»

«አሜን» አሉ ሴቶቹ ባንድ ላይ፤ የኤሴታ ጎልቶ ተሰማ።

ጸሎቱ አለቀ፣ ሦስተኛው ዛጎል ግን አልተነፋም። ማንም መነሣት አይችልም። ሁሉም ራሱን ቀና አድርጎ ወደ ጓሮው ዞረ። ትልቁ ወፍ ከሁሉ የበለጠውን ጎመን ቅጠል ገንጥሎ በእግሩ ጨበጠ፣ ልክ ለታሊሉ እንደሚያሳይ ወደ ላይ አነሣው፣ አንድ ጊዜ ነከሰና ጣለው። ሌላ ገነጠለ።

«ይጥለዋል» አለች ታሊሉ በሹክሹክታ።

«ይጥለዋል፣ እትዬ።»

«ሳይበላው?»

«ሳይበላው።»

ታሊሉ ያለ ማንም ጥያቄ መዝሙር አነሣች። በመንደሩ ከእሷ የጎላ ድምፅ የለም፤ በትንሣኤ ቀን ወንዶቹን ሁሉ ትሸፍናለች። ሴቶቹ ገብቷቸው ተከተሏት፤ ምሰሶው እስኪነዝር ዘመሩ። መንገድ ዳር የቆሙት ጠባቂዎች ዞረው ተመለከቱ። ወፎቹ አንገታቸውን አቀኑ፣ ትንሽ አዳመጡ፣ ከዚያ ወደ ፎሶሊያው ተመለሱ። ታሊሉ ሁለተኛውን ስንኝ ከፍ አድርጋ ያዘችው፤ ግንባሯ ላይ ላብ ወጣ። በሁለት ስንኝ መካከል ትንፋሽ ስትወስድ፣ «መዝሙርም አይፈሩም፣ እነዚህ አረመኔዎች» አለች፤ መዝሙሩንም ቀጠለች።

ሦስተኛው ዛጎል እንደተነፋ መጀመሪያ የተነሣችው እሷ ናት። ያ ሁሉ ሰውነት እንደዚያ ፈጥኖ ሲነሣ ማንም አይቶ አያውቅም። ማራገቢያዋን እያወዛወዘች በጓሮው ወረደች፣ ሴቶቹ ተከተሏት፣ ውሻውም ዛጎሉ ስለፈታው እየጮኸ በሁሉም መሐል አለፈ። ወፎቹ ሳይቸኩሉ አጥሩን ተሻግረው ሄዱ።

ብዙ አልቀረም። አራት አምስት ጎመን፣ ጥቂት የፎሶሊያ ሐረግ፤ የቀረው መሬቱ ላይ የተበተነ ቅጠል ነው። ማላማ ጎንበስ ብላ አንዱን ግንድ ነካች። አላለቀሰችም።

ኤሴታ ከቦርሳዋ ቀዩን ጨርቅ አወጣች። «እትዬ ታሊሉ፣ ልሰረው?»

«ለማን?»

«ለቤቱ። ሦስተኛው ነው።»

«ለወፎቹ እሰሪላቸው፣ ከያዝሻቸው።» ታሊሉ አሁንም ታለከልክ ነበር። «ስቀመጥ ሁሉም ቆሞ ነበር። በዓይኔ አይቻለሁ። ሕጉ የቆመውን እዩ ይላል፤ ዓይናችን ሥር የተበላውን ቁጠሩ አይልም። ይህ ቤት አልፏል።» ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞረች። «አንተ ደግሞ የእናታችንን ሰሌን አንጥፈህ ጎመኑን ለወፍ አስበላኸው።»

«ለክብርሽ ብዬ ነው፣ እትዬ።»

«ክብሬ ጓሮ ቢቀመጥ ምን ይሆን ነበር? ይረጥብ ነበር?»

ፔኒ ዓይኑን ወደ እግሩ ጣለ። ማላማ ልትስቅ ፈለገች፣ ግን ለእሱ አዘነች። «ገባ ብላችሁ ተቀመጡ» አለች፤ «ሳትበሉ አትሄዱም።» ሴቶቹ ጠግበናል ለማለት አፍረው ተቀመጡ። ከመሬቱ ላይ ወፎቹ የጣሉትን ቅጠል ሰብስባ አጠበች፣ ሸንሽና በኮኮናት ወተት ቀቀለችው፣ ከጎደሬ ጋር አቀረበች። ታሊሉ አንድ ሳሕን በላች፣ ትንሽ ድገሚኝ አለች።

ዝናቡ ሲመጣ ማላማ አዲስ ችግኝ አወጣች። የመትከያው ቀን ዛጎሉ ሊነፋ ጥቂት ሲቀረው ታሊሉ የራሷን ሰሌን በክንዷ አድርጋ መጣች። እዚሁ እጸልያለሁ አለች፤ ባሕር ዳር ነፋሱ ጉልበቷን እያመማት መሆኑን ነገረቻቸው። ሰሌኗን ዘርግታ ተቀመጠች፣ ማላማ ስትተክል ተመለከተች።

«አጠጋጋሽው» አለች። «ጎመን ክንድ ለክንድ ይፈልጋል። እኔ ሁልጊዜ ክንድ ለክንድ ነው የምተክለው።»

«እሺ፣ እትዬ» አለች ማላማ።

ጣቷን አፈሩ ውስጥ ሰደደች፤ በአባቷ የድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ እንደለመደችው በስንዝር ልክ ሌላ ጉድጓድ አወጣች፣ ችግኟን አቆመች፣ አፈሩን በመዳፏ ጠቀጠቀች።

«እዚያ ጋም አጠጋጋሽው።»

«እሺ፣ እትዬ» አለች፤ ቀጣዩንም በስንዝር ተከለች።